የመምህሩ መርፌና ባለ አርጎኑ መስኮት

[መኝታ ክፍል። ጡረታ የወጣው የፊዚክስ መምህር ካፖርት ደርቦ ድርብ መስታወት ባለው መስኮት ሥር ቆሟል። መስታወት ገጣሚው መሣሪያውን እንደያዘ ያዳምጠዋል።]

መምህሩ፦ አታለልከኝ! በሁለቱ መስታወት መሀል ብርድ የሚከላከል አርጎን ጋዝ ሞላሁ ብለህ ባዶ አየር ገጠምክልኝ!

ገጣሚው፦ ኧረ መምህር፣ ሞልቻለሁ።

መምህሩ፦ ነገ ባለቤቴ ከሆስፒታል ትወጣለች። ሐኪሙ ሳንባዋን ብርድ እንዳይነካት ብሏል። እዚህ በረዶ ቤት ላስተኛት ነው?

ገጣሚው፦ እግዜር ይማራቸው። ግን ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?

መምህሩ፦ በሳይንስ! በገጠምከው ማግስት ማሞቂያውን አጥፍቼ ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀመጥኩ። ጋዝህ ቤቱን ቅንጣት አላሞቀውም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ዋለ።

ገጣሚው፦ [ጭንቅላቱን እያከከ] እኔ እንኳ ነገር ቶሎ አይገባኝም... ባዶ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ቢያነጥፉ አልጋው ይሞቃል?

መምህሩ፦ ምን አገናኘው! ብርድ ልብስ የሰውን ሙቀት ይይዛል እንጂ በራሱ መቼ...

ገጣሚው፦ እ?

መምህሩ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ሌላም ማስረጃ አለኝ። በሳምንቱ ጋዙን ላሽትት ብዬ ጠርዙ ላይ ያለውን ማሸጊያ በወፍራም መርፌ ወጋሁት።

ገጣሚው፦ ወጉት?!

መምህሩ፦ ትንሽ ነው። አፍንጫዬን ደቅኜ ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም!

ገጣሚው፦ አርጎን ምን ምን ይላል መምህር?

መምህሩ፦ ሽታም ቀለምም የለውም! ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት... [ድምፁ ይወርዳል] ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው።

ገጣሚው፦ ታዲያ ምን ሊያሸቱ ነበር?

መምህሩ፦ የራሴን ድንቁርና ሳይሆን አይቀርም።

ገጣሚው፦ ይሄ በሁለቱ መስታወት መሀል ያለው ጤዛስ?

መምህሩ፦ እሱ ሦስተኛው ማስረጃዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።

ገጣሚው፦ ከመርፌው በፊት ነበረ?

መምህሩ፦ አልነበረም። [ቀዳዳውን በጣቱ እየነካ] ጋዙ በቀዳዳው ወጣ፣ እርጥብ አየር ገባ... ሌባው እኔው ነኛ! አርጎን ከባድ ስለሆነ ሙቀትን እየተንቀራፈፈ ነው የሚያሳልፈው፤ ከአየር ይሻላል። ይሄን ያልመለሰ ተማሪ ጆሮውን ነበር የምይዘው። የእኔን ጆሮ ማን ይያዝልኝ?

ገጣሚው፦ አይዞዎት። እኔም አጥርቼ የወለወልኩትን መስታወት ክፍት በር መስሎኝ ሁለቴ በግንባሬ ገጭቼዋለሁ።

መምህሩ፦ [አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ] አንተ ግንባርህን ነው የመታኸው። እኔ የታመመች ሚስቴን ቤት ነው የወጋሁት። አዲሱ እስኪሠራ ስንት ቀን ሊፈጅ ነው!

ገጣሚው፦ መኪናው ላይ አለ።

መምህሩ፦ ምኑ?

ገጣሚው፦ ሌላ መስታወት። ልኩም ያው፣ አርጎኑም ያው። እትዬ መጀመሪያ መስኮቱን ሲያዙኝ «ሁለት አድርገህ ሥራ፤ አንዱ ለመስኮቱ፣ አንዱ ለባሌ ምርምር» አሉኝ።

መምህሩ፦ [ሳቁ ያመልጠዋል] ፊዚክስ የማውቀው እኔ፣ እኔን የምታውቀው እሷ! በል ና፣ አንዱን ጫፍ ልያዝልህ።

ገጣሚው፦ አይሆንም መምህር። «ሁለት እጁን ኪሱ ሳይከት ሥራ እንዳትጀምር» ብለውኛል።

[መምህሩ ሁለት እጁን ኪሱ ይከታል።]