የማታስተምረው መምህርት

እኛ አገር ማስተማር ማለት መናገር ነው። የመምህሩ ጉሮሮ ካልደረቀ፣ የተማሪው ጣት ካልዛለ፣ ትምህርት ተሰጠ አይባልም። እኔም ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ዓመታት ሙሉ ስናገር ኖርኩ። ያልኩትን ጽፈው፣ የጻፉትን ሸምድደው፣ የሸመደዱትን ፈተና ላይ መልሰውልኝ ያልፋሉ። ዎርድ ገብተው በሽተኛ ፊት ሲቆሙ ግን ዱዳ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። ንግግሬን ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ በስልኬ እየቀረጽኩ እልክላቸዋለሁ። (ከላይ ያለችው ጎረቤቴ በርበሬ ስትደልዝ እሱም አብሮ ይቀረጻል፤ ምን ላድርግ?) የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመውም ቢሆን አይተው ይመጣሉ። ክፍል ውስጥ የበሽተኛ ታሪክ እሰጣቸውና እነሱ ይከራከራሉ። እኔ ዝም። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያደክም ብታውቁ!

ሁለት ወር ሳይሞላኝ ተከሰስኩ። ማን እንደጀመረው እንዳይታወቅ ፊርማው ዙሪያውን በክብ የተደረደረበት ወረቀት የትምህርት ቤቱ ዲን ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ «መምህርቷ ከመጠየቅ በቀር አያስተምሩንም» ይላል። ዲኑ እኔንም ያስተማሩ አንጋፋ ሐኪም ናቸው።

«ልጄ፣ ወይ እንደ ሰው ቆመሽ አስተምሪ፣ ወይ ኮርሱን ለሌላ እሰጠዋለሁ» አሉኝ።

«መጀመሪያ መጥተው ይዩ» አልኳቸው። አንገቴን አልደፋሁም።

መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። የዕለቱ በሽተኛችን፣ በወረቀት ላይ መሆኑ ነው፣ ከፉሪ በእናቱ ጀርባ የመጣ፣ በምግብ እጥረት የከሳ፣ ተቅማጥ ያደረቀው የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ግማሹ ክፍል «በደም ሥሩ ፈሳሽ ይለቀቅበት፣ ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። ይኼኔ የክፍሉ ተወካይ ኪሩቤል፣ ያንን የክስ ወረቀት ዲኑ ዘንድ ያደረሰው እሱ ራሱ፣ ብድግ ብሎ ማርከሩን ከእጄ ነጠቀ።

«ልትገድሉት ነው እንዴ? በረሃብ የተጎዳ ልብ ያን ሁሉ ውሃ አይችልም እኮ! ራሱን እስካልሳተ ድረስ በአፉ፣ ጥቂት በጥቂት!»

ልቡን ሣለ፤ ሳንባው እንዴት ውሃ እንደሚሞላ አሳየ። እኔ ደስታዬ እንዳያመልጠኝ አፌን በእጄ ይዣለሁ። እልል ማለት ነበር ያማረኝ።

ዲኑ ተነሡ። «ጎበዝ! ይህን ማን አስተማረህ?»

ኪሩቤል ግራ ገባው። እኔን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ በንጹሕ ልቡ፦

«ኧረ ማንም አላስተማረንም፣ ፕሮፌሰር። ራሳችን ተከራክረን ነው የደረስንበት።»

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ተማሪዎቹ ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው እንዳወቁ በአካል ባረጋገጡት መሠረት» ኮርሱ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ለሌላ መምህር ተሰጥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ የሳቸው፣ ሞኝነቱ የኔ ይሁን። በቀሩኝ ሳምንታትም ከዝምታዬ ወይ ፍንክች! ደብዳቤውንም አልቀደድኩትም። የምረቃ ፎቶዬን አውርጄ በቦታው ሰቅዬዋለሁ። ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዳወቁ በማኅተም የተመሰከረለት መምህር ካለ እስቲ አምጡልኝ!