የጋሽ ቆይ-እስኪ የቀዘፋ ማሽን

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ክብሪት ሲገዛ እንጨቱን የሚቆጥር፣ ሐብሐብ ሲገዛ እንደ በር አንኳኩቶ መልስ የሚጠብቅ፣ ባለሱቁ «ሂሳብ» ሲል እሱ ገና «እስኪ ገልብጠው» የሚል ሰው። ዓለም ያለ ሐኪም ጥቂት ቀን ትቆይ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ግን ሻጭ ሁሉ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ በቀረ ነበር።

የዚህ ሰፈር ባለማዕረግ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በር፣ መስኮትና ቁም ሳጥን ሲሠሩ ኖረዋል። የጥንት ስማቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሽ ቆይ-እስኪ» ብሎ ነው፤ ዕቃ በቀረበላቸው ቁጥር ከአፋቸው የምትቀድመው ቃል ይህችው ስለሆነች። ክቡርነታቸው ጃንጥላ የገዙት፣ እሳቸው ዘርግተውት እንደቆሙ ባለሱቁ አንድ ባልዲ ውሃ ከደፋባቸው በኋላ ነው። ፍራሽ ሊገዙ ሄደው ደግሞ «ቆይ እስኪ» ብለው ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ተቀሰቀሱና «በግራ በኩል ይጎረብጣል» ብለው ትተውት ወጡ።

ልጃቸው፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛዋ፣ ይህን ሁሉ እያየች ነው ያደገችው። አባቷን ትወዳቸዋለች። ከእሳቸው ጋር ገበያ መውጣትን ግን እንደ ጥርስ መነቀል ትፈራዋለች።

የማሽኑ ነገር የመጣው በእናትየዋ እግር ምክንያት ነው። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። አንድ ዝናባማ ጠዋት ደረጃው ላይ ተንሸራተው ቀኝ እግራቸው ከጉልበታቸው በላይ ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ፤ ጡንቻው ግን ሟሸሸ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደታሰሩ አምስት ወር ሞላቸው፤ ሱቋም ተቆልፋ ከረመች። መጀመሪያ መጀመሪያ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ቀሚስ እያዩ «ይሄን ደግሞ ማን ነው እንዲህ አጣሞ የሰፋው?» ይሉ ነበር። ኋላ እሱንም ተዉት። ልጅቱን ያስደነገጣት ይህ ዝምታ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንድ ቀን መጥታ «የቀዘፋ ማሽን ብታገኙላቸው ጥሩ ነበር» አለች። «ጀልባ እንደሚቀዝፍ ሰው ተቀምጠው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ክብደታቸው እግራቸው ላይ ሳያርፍ ጭናቸው ይጠነክራል። ቀስ ብለው ይጀምሩ፤ እኔም እየመጣሁ አያቸዋለሁ።»

ልጅቱ አቅሟን አስልታ በማግስቱ ስልኳ ላይ ፎቶ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ የምንችለው ይሄን ነው። ነገ ሄደን እናምጣው።»

አባቷ መነጽራቸውን አጠለቁ። «ቆይ እስኪ» አሉ።

ቆይ እስኪው ሰባት ሳምንት ፈጀ።

ጋሽ ቆይ-እስኪ መጀመሪያ የማሽኑን ርዝመትና ስፋት ሳሎኑ ወለል ላይ በጠመኔ ሳሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም በሥዕሉ ላይ እንዳያልፍ ታወጀ። «ነገ ዕቃው ሲመጣ በላዩ ላይ ልትሄዱ ነው?» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ገና ያልተገዛውን ማሽን ዞሮ ነው ሶፋው ጋ የሚደርሰው። አንዲት ጎረቤት ሳታውቅ ሥዕሉን ረግጣ «ውይ፣ ይቅርታ!» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው ጋሼን ይሁን ማሽኑን እስካሁን አልታወቀም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ከተኖረ በኋላ ፎቶው ላይ ያለው ማሽን ለሳሎኑ እንደማይሆን ተወሰነ፤ መቀመጫው ወደ ኋላ ሲንሸራተት የቁም ሳጥኑን በር ይመታል።

ቀጥሎ የሱቅ ዘመቻ ሆነ። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ደረቱን በካናቴራ የወጠረ ሻጭ ተቀበላቸው። «አባት፣ ይሄኛው የልብ ምት ይለካል፣ ካሎሪ ይቆጥራል፣ ሙዚቃም ያጫውታል።»

«ቆይ እስኪ፣ የኔ ልጅ። ሳይዘፍን የሚሠራ የላችሁም?»

ሻጩን ማሽኑ ላይ አስቀምጠው አስቀዘፉት። እሳቸው ተንበርክከው እንደ ሐኪም ጆሯቸውን መቀመጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ለጠፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመጨረሻ ቀና ብለው ብይኑን ሰጡ፦ «ሳል አለው።»

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ዋጋው ረከስ ያለ፣ በዘይት ፒስተን የሚሠራ ማሽን ተገኘ። ልጅቱ በልቧ «ተገላገልን» አለች። አባቷ ግን ሻጩን ሩብ ሰዓት ሙሉ አስቀዘፉት። ልጁ ላቡን ሲጠርግ «እንዴት ነው፣ ከመጀመሪያው ቀለለህ አይደል?» አሉት።

«አዎ አባት፣ በጣም! እየለመድኩት መሰለኝ።»

«አንተ አልለመድክም። ዘይቱ ሞቆ ነው የላላው» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ሻጩ ፒስተኑን በጣቱ ነካ አድርጎ እጁን ሲሰበስብ ልጅቱ ዞር ብላ አይታዋለች።

የከፋው ስድስተኛው ሳምንት ላይ መጣ። ሰው የሞላበት ትልቅ መደብር ነው። ጋሽ ቆይ-እስኪ አንዱ ማሽን ላይ ተቀመጡና ቀኝ እግራቸውን አየር ላይ ዘርግተው በግራ እግራቸው ብቻ ለመነሳት ታገሉ። አንዴ ሞከሩ። ሁለቴ ሞከሩ። በሦስተኛው እንደ ተቆረጠ ግንድ በጎናቸው ወደቁ።

«ውሃ አምጡ! ሽማግሌው ወደቁ!» ገበያተኛው ተሯሯጠ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ልጆቼ» አሉ ወለሉ ላይ እንዳሉ። «ሠላሳ አምስት ሴንቲ ነው። ዝቅ ብሏል።»

የልጅቱ ትዕግሥት አለቀ። «አባዬ! እናቴ ቤት ውስጥ እንደ ሻማ እየቀለጠች አንተ ትቀልዳለህ? ማሽን ነው የምንገዛው ወይስ ሙሽራ ነው የምንመርጠው?»

አባቷ ቀስ ብለው ተነሱ። ከኪሳቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «ያዥልኝማ» አሉና አቧራቸውን ያራግፉ ጀመር። ደብተሩ ተከፍቶ ነበር። በአናጢ እርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ሳትፈልግ አነበበችው።

«አልጋ፣ ሃምሳ ሁለት ሴንቲ። ብቻዋን ተነሳች።

የምግብ ጠረጴዛ ወንበር፣ አርባ ስድስት። ጠረጴዛውን ይዛ ተነሳች።

ሶፋ፣ አርባ አንድ። እኔ ደግፌ።

በርጩማ፣ ሠላሳ ስድስት። አልቻለችም። አለቀሰች። እንዳላየሁ ሆንኩ።»

ገጹን ገለጠች። የሚቀጥለውም እንዲሁ ነው። የየቀኑ ተጽፏል፤ እናቷ ከየት ተነሱ፣ ምን ይዘው ተነሱ፣ በስንተኛው ሙከራ።

«ማሽኑ ላይ ተቀምጣ መነሳት ካቃታት» አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁለተኛ አትቀመጥበትም። እኔ አውቃታለሁ። ደግፉኝ ብላ ከምትጣራ መቅዘፉ ይቅርብኝ ትላለች።»

ልጅቱ ደብተሩን ዘጋች። አባቷ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ክርናቸው ላይ በልዞ የጠቆረ ቦታ አየች፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው የቆየ።

«አባዬ፣ ስንት ሱቅ ውስጥ ነው የወደቅከው?»

«አራት» አሉ። «አንዱ ጋ ግን ምንጣፍ ነበረ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ፍለጋው የሁለት ሰው ሆነ። ልጅቱም ሜትር በቦርሳዋ መያዝ ጀመረች። ደግሞም ማሽኑን ያገኘችው እሷው ናት፤ የሚሸጥ የቀዘፋ ማሽን እንዳለው የሚገልጽ ወረቀት አንድ የስፖርት አስተማሪ ፖስታ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ነበር። ያገለገለ ነው፤ የሚሠራው በማግኔት ነው፣ ሞቆ የሚላላ ዘይት የለውም። አባትና ልጅ ቤቱ ሲደርሱ አስተማሪው ሳይጠየቅ ጉዱን ተናገረ፦ «ስክሪኑ ሞቷል። ያረከስኩትም ለዚህ ነው።»

«ደቂቃውን የግድግዳ ሰዓት ይነግረናል» አሉ ጋሼ፤ ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ ለጠፉ። ልጅቱ ርዝመቱን በሜትሯ ለካች፤ ቁም ሳጥኑ ጋ አይደርስም። «ደህና ነው፣ አይጮህም» አሉ። መቀመጫው እንደ ሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። እግሮቹን ገልብጠው ሲያዩ ግን ለብሎን የተበሳ ቀዳዳ አገኙና ፊታቸው በራ። የተጠየቁትን ከፍለው ወጡ።

ደረጃው ላይ ልጅቱ ቆመች። «አባዬ! አልተከራከርክም እኮ!»

ጋሽ ቆይ-እስኪም ቆሙ። «ውይ» አሉ። «ረሳሁት።»

አራት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ መጋዝና መላጊያ ሲሠራ ዋለ። ለማሽኑ የእንጨት መድረክ አበጁለት፤ በግራና በቀኝ እጅ የሚያርፍበት መያዣ ያለው፣ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። ማሽኑ ላዩ ላይ በብሎን ሲታሰር መቀመጫው ከአልጋው ጋር እኩል ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ መጡ። አዩት። «አንተ ሰውዬ፣ ዋና የማልችለውን ሴት ጀልባ ላይ ልታወጣኝ ነው?» አሉና ተቀመጡ። መያዣውን ጨብጠው ተነሱ። ማንም አልነካቸውም። እንደገና ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሱ።

«እማዬ፣ ቅዘፊ እንጂ!»

«ተዪኝ እባክሽ» አሉ እናቷ። «መነሳቱ ነው የጣመኝ።»

የዚያን ቀን ሦስት ደቂቃ ቀዘፉ። በወሩ አሥራ ሁለት ደረሱ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መድረኩን ዞር ዞር ብላ አይታ ፎቶ አነሳችው። «ጋሼ፣ ለሌሎች ታካሚዎቼም ይሠሩልኛል?»

«እሠራለሁ። ግን የእያንዳንዳቸው አልጋ ስንት ሴንቲ ነው?»

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሽፍን ጫማ አደረጉ። «ማንም እንዳይዘኝ» አሉ። ሁለት ጊዜ አርፈው ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወረዱ። የሱቋን ቁልፍ ራሳቸው ከፈቱ፤ አቧራውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ክር ሰኩ። ቀኝ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ የስፌት መኪናው ለአፍታ አመነታና ታታታ እያለ ሄደ።

ጋሽ ቆይ-እስኪ ወደ ውስጥ አልገቡም። ደጃፉ ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ መሐረባቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ ምንም ያልሆነውን ማጠፊያ ይመረምራሉ። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሴት አየቻቸውና ወደ ልጅቱ ጠጋ አለች። «እኚህ ሽማግሌ ምን ሆነው ነው? ማን ናቸው?»

«አባቴ ናቸው» አለች ልጅቱ፣ መንገዱ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ሳትጠየቅም ጨመረች፦ «እናቴን ያስነሷት እሳቸው ናቸው።»