ቦርሳህን ወደ ፊት!

ሌባ የሌለው ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ ሌባ መጣ ባይ የሌለው ሰፈር ግን የለም። ያንጎን መሀል ከተማ ያለው መንገዳችን ይህን ሹመት ለክብርት ዶ ቲን ሜ ሰጥቷል። እውነቱን ለመናገር የሰጣቸው የለም፤ ሦስተኛ ፎቅ ሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው ራሳቸው ወሰዱት።

"ቦርሳህን ወደ ፊት!" ይሉኛል ቁልቁል። "የዚህ መንገድ ሌቦች እየሄድክ ነጠላ ጫማህን ያወልቁልሃል!" ለምጽዋት የወጣ መነኩሴ እንኳ "ሳህንዎን ጠበቅ ያድርጉ" ተብሏል።

አንዴ ጃንጥላ ጠፋብኝና ከአልጋዬ ሥር አገኘሁት። "ሌባው ፈርቶ መልሶት ነው" አሉ።

እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ከሰገነታቸው እስከ መንገዱ ገመድ ይወርዳል፤ ታች መቆንጠጫ፣ ላይ ደወል አለው። ጋዜጣውም የሞሂንጋ ሾርባውም በዚያ ይወጣላቸዋል። ምክራቸው ግን ያለ ገመድ ይወርዳል።

ባለፈው እሑድ ልጃቸው ዜያ ሊወስዳቸው መጣ። ከወንዙ ማዶ፣ አጥርና ዘበኛ ባለው አዲስ ሰፈር ቤት ገዝቷል። እኔም ካርቶን ላግዝ ወጣሁ።

"እማዬ፣ በደወልኩ ቁጥር ሌባ፣ ሌባ ትይኛለሽ። እንቅልፍ አጣሁ እኮ! በይ ተነሺ።"

ዶ ቲን ሜ በገዛ ምላሳቸው ተያዙ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "የምን ሌባ? አንተ፣ እዚህ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ኧረ በጭራሽ!" አልኩ።

ዜያ ግን አላመነንም። ይባስ ብሎ ኪሱን ሲዳብስ ስልኩ የለም፤ ታች ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስቶታል። "ይኸው! አለቀለት!" ብሎ ወደ ደረጃው ሲሮጥ ደወሉ አቃጨለ። እናቱ ገመዱን ሳቡ። መቆንጠጫው ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ስልኩ ተንጠልጥሏል።

ባለ ሻይ ቤቱ ከታች ጮኸ፦ "እትዬ! ልጅዎን ቦርሳውን ወደ ፊት በሉልን እንጂ!"

ዜያ ስልኩን አየ፤ እናቱን አየ። ሳቁ አመለጠው። "በቃ እማዬ፣ እዚሁ ተቀመጪ" ብሎ ካርቶኑን መፍታት ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ሐሳቡን ለውጦ ወሰዳቸው እንዴ? ገመዱን ጎተትኩት።

ጉንጫቸው በሞሂንጋ እንደተሞላ ብቅ አሉ። "ምን ሆንክ?"

"ምንም እትዬ። ቦርሳዬን የት ላድርገው?"

"ወደ ፊት ነዋ! ስንቴ ልንገርህ?"

ልቤ ረጋ። ቦርሳ ግን አልያዝኩም ነበር።