በጉን ማን ጠየቀው?

ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ ዝናሙ ወጥቶ ውርጩ ሲገባ አንድ ነገር ተማርኩ። ልጅ ማስተማር ማለት በገዛ ቤት ላይ ዳኛ መሾም ነው! አትሳቁ። የተማረ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሌላችሁም ይድረሳችሁ... አሜን በሉ።

የእኔ ዳኛ ሜሮን ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ባዮሎጂ ታጠናለች። የመረጠችው ክፍል እንዲደርሳት ለቅዱስ ሚካኤል በግ ተስዬላት ነበር። ደረሳት። ተመስገን። እኔም ለኅዳር ሚካኤል የማስገባውን በግ ገዛሁና ለሚ ኩራ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ አሰርኩት።

ሜሮን ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ትምህርት ጀመረች። ባዮኤቲክስ ይሉታል። ነፍስ ባለው ነገር ላይ ምን ማድረግ ይገባል፣ ምን አይገባም እያሉ የሚከራከሩበት ነው። መጀመሪያ የመጣችብኝ በእንቁራሪት ነው።

«እማ፣ ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ እንቁራሪት ቅደዱ ተባልን።»

«ቀደድሽ?»

«እጄን አወጣሁ። ስለ ልብ ለመማር ልብ ማቆም ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።»

«መምህሩስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አስቢበትና ጽፈሽ አምጪ አለኝ።»

እሱ አስቢበት ይላታል፤ የምታስበው እኔ ቤት ነው! በማግስቱ የበረሮ መርጫዬን ይዤ ወጥ ቤት ስገባ ቀድማኝ ቆማለች።

«መግደል ትችያለሽ፣ እማ። ብቻ ለምን እንደምትገድዪው ንገሪው።»

ነገርኩት። ረጨሁት።

ቀጥሎ የወባ ትንኝ መጣች። ዘሯን ለውጦ ከምድር ማጥፋት ይቻላል አሉ። ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ሲከራከሩ ውለው፣ ድምፅዋ ዘግቶ ገባች።

«ከእናንተ መሀል ወባ ይዞት የሚያውቅ አለ?» አልኳት።

«የለም።»

«እንግዲያው ክርክሩን ገና አልጀመራችሁትም።»

ሣቀች። እኔም የረታሁ መሰለኝ... የዋህ ነኝ! የበዓሉ ዋዜማ ላይ በጉን ጎመን ስታበላ ቆየችና ወጥ ቤት መጣች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ስለ በረሮ ካልሆነ።»

«የተፈተንኩት እኔ። የተሳልሽው አንቺ። የሚሞተው እሱ። ይሄ እንዴት ነው?»

እስቲ እናንተ መልሱላት! እኔማ መጽሐፍ ትዝ አለኝ።

«አብርሃም በጉን ባያገኝ ኖሮ የሚታረደው ይስሐቅ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ።»

«ይስሐቅንስ ማን ጠየቀው?»

ማማሰያውን አስቀመጥኩ። «ሜሮን፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እኔ ተስያለሁ። ነገ ይገባል።»

«አውቃለሁ፤ አልከለክልሽም። ግን በእኔ ስም ነፍስ ስትሰጪ ቆሜ አላይም።» መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን እንኳ አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

በዓሉ ዓርብ ዋለ። በጉን በሚኒባስ ቦሌ፣ የድሮ ሰፈራችን ወዳለው ደብር ይዤው ሄድኩ። ረዳቱ ከኋላ ወንበር ጎትቶ አስገባልኝና፣ «እማማ፣ ይሄ መንገደኛ የት ነው ወራጁ?» አለ። «ሚካኤል» አልኩት። «ደርሶ መልስ ነው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም፤ የሜሮን ፊት እየታየኝ ነበር።

ታቦቱ ገባ፤ የስለት ጨረታው ተጀመረ። በእኛ ደብር የተሳልነውን እንስሳ እናስገባለን፤ ለምእመናን በጨረታ ይቀርብና ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን፣ እንስሳው ላሸነፈው ይሆናል። በቦርሳዬ የቅበላ ሥጋ መግዣ ይዣለሁ። ሰኞ ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ገና ሥጋ የለም። ስመለስ ሉካንዳ ጎራ ልል ነበር።

ዲያቆኑ ማይኩን ያዘ። «የስለት በግ! በረከት ያለው! ማን ይጀምራል?»

አንድ ጃኬት የለበሰ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ የበጌን ጀርባ ጨበጥ ጨበጥ አደረገና ጀመረ። አጨባበጡ... ድስቱን የጣደ ሰው አጨባበጥ ነው። ከሕዝቡ ኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ጨመረች። ሰውዬው ጨመረ። ቀጭኗም ጨመረች።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ጸሎት ላይ ነኝ። «ሚካኤል ሆይ፣ እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ። በጉን ግን ልጄ ለማታዝንበት ሰው ስጥልኝ...»

«እናታችን ጨመሩ!» አለ ዲያቆኑ።

የማን እናት እንደሆነች አላየሁም፤ ባረክኋት። ቀጭኗ ድምፅ እንደገና ጨመረች። እኔም ስለዚያች ለጋስ እናት ለማመስገን እጄን ከፍ አደረግኩ።

«እናታችን አሁንም ጨመሩ!»

ምን ዓይነት ብርቱ ሴት ናት! ሰውዬው እጁን አራግፎ ወጣ። ቀጭኗም ድምፅ ተሰብራ ዝም አለች። «አንደኛ... ሁለተኛ...» ሲል፣ እፎይ ብዬ «ተመስገን!» አልኩ። እጄስ? እጄማ የለመደበት ሰማይ ላይ ነው!

«ሦስተኛ! ለእናታችን! እልል በሉ!»

እልል ተባለ። እኔም ላሸናፊዋ ከሁሉ አስበልጬ እልል አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ዲያቆኑ ገመዱን ወደ እኔ ዘርግቷል።

«ይውሰዱ እናቴ። ብርቱ ነዎት!»

ፍረዱኝ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሚካኤል ደጅ፣ «ስጸልይ ነበር» ተብሎ ይካዳል? የቅበላውን ብር እስከ መጨረሻው ከፈልኩ። ዞር ስል ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ልጅ ቆማለች። ሜሮን ናት። ለላፕቶፕ ያጠራቀመችውን ይዛ በጉን ልታድን መጥታ ኖሯል።

«እማ... ስትጫረቺኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ አቶ ታደሰ በጉን አየ፣ ባዶ ቦርሳዬን አየ።

«ሥጋው የታለ?»

«ሥጋው ይሄ ነው» ማለቴ ሳይታወቀኝ ወጣ። ነገሩን ከነገርኩት በኋላ ወንበሩ ላይ እስኪዘረጋ ሣቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ ቢላዋ መሳል ጀመረ።

«ስለቱ ገብቷል፤ ይሄ አሁን ተራ በግ ነው። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ እንጂ... ነገ በጠዋት ቅበላችን ነው!»

ሜሮንን አየኋት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«የገዛሽው አንቺ ነሽ፣ እማ። እሱ መናገር አይችልም፤ እኔም ተናግሬ ጨርሻለሁ። አንቺ ወስኚ።»

ይኼው ነው። ጎመኗን ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ በጉን ላየው ሄድኩ። የታደሰን ሱሪ ከማድረቂያው ገመድ ስቦ፣ አንዱን እግሩን እያላመጠ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፤ ማላመጡን ግን አላቆመም። ሱሪውን አስጥዬው ወጥ ቤት ተመለስኩ። ቅቤውን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ዕንቁላሉንም ጨምሬ ጓዳ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሽሮ ጣድኩ።

ታደሰ ቢላዋውን ይዞ ገባ። «ድስቱ ይውጣ እንጂ! ቅቤው የታለ?»

«ጾም ነው» አልኩት።

«የምን ጾም?»

«ጾመ ነቢያት። እኔ ዛሬ ጀምሬያለሁ። ቤቱም ጀምሯል።»

በረንዳው በር ላይ ሜሮን አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። ታደሰ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽሮውን፣ አንዴ ቢላዋውን አየ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አለ። «ነቢያቱ ራሳቸው ሰኞ ነው የሚጀምሩት!»