ረክቻለሁ ብሎ የፈረመው ሰውዬ

ከሰው ይልቅ ወረቀት የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚሁ መርሳ፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ መጥቶ ገጠመኝ።

የሱቄ ቆጣሪ ከተቃጠለ አምስት ወሩ ነው። ወልድያ ድረስ ሄጄ፣ የመብራት አገልግሎቱን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አቤት ብዬ ነበር። እስከዚያው በከሰል ካውያ ስተኩስ ጢሜ ሳይቀር የተጠበሰ በቆሎ መሽተት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የዚያን ተቆጣጣሪ አሠራር የሚመረምር ኦዲተር ፋይሌን ይዞ ከተፍ አለ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዬን ጠረጠርኩት።

«ጋሼ፣ ቅሬታዎ ተፈቷል ይላል። ረክቻለሁ ብለው ፈርመዋል» አለኝ።

ፊርማውን አየሁት። የኔ ፊርማ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ ይኼኛው ለሚኒስትር የሚበቃ ነው።

«ወላሂ የኔ አይደለም። ቆጣሪውም ያውልህ፣ ከስሎ ቀርቷል።»

ቀና ብሎም አላየው። «እስኪ እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ሁለቱን ፊርማዎች ካስተያየ በኋላ እኔን እንደ ሌባ ከእግር እስከ ራሴ ቃኘኝ።

«አይመሳሰልም። በሰው ፋይል ገብተው ነው የሚከራከሩኝ፤ ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ።»

«ባለጉዳዩ እኔ ነኝ እኮ።»

«እሱ ረክቷል፤ እርስዎ አልረኩም። እንዴት አንድ ሰው ትሆናላችሁ?»

እውነቱን ነው መሰለኝ። እናም ያንን የረካ ሰውዬ ከሐራ እስከ ሲሪንቃ እያፈላለግኩት ነው። ካያችሁት ጠቁሙኝ፤ እሱ ቤት መብራት መኖሩ አይቀርም። የሰርግ ሱሪዎች ስላሉብኝ ማሽኔን ተሸክሜ እሱው ዘንድ ልስፋ።