ትስስሩን ወደ ታች ማውረድ

ሰዎችና ተቋማት እንዴት እንደሚተባበሩ ጠንቅቀው ሳያጠኑ ዝም ብሎ መተባበር የሚያስከትለውን አደጋ ከማንም ቀድመው የተረዱት አቶ ገነነ ናቸው። በዚህም መነሻ፣ ከቡሬ ብዙም በማትርቅ፣ ስሟን በማንጠራት ከተማ፣ ከአምስት መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ የትስስር ጥናት ግብረ ኃይል ተቋቋመ። እሳቸውም የአስተባባሪዎች አስተባባሪ ሆኑ።

ግብረ ኃይሉ በጋውን ሙሉ ሲሰበሰብ ከርሞ፣ ልክ ክረምቱ ሲገባ፣ ትስስሩን ወደ ታች ለማውረድ ወሰነ። መንገዱ ወደ ሽንዲ ሆነ። መኪና ሲፈለግ የአንዱ መሥሪያ ቤት መኪና ጎማ የለውም፤ የሌላው ሹፌር ሥልጠና ላይ ነው። ተሟልቶ የተገኘው አምቡላንሱ ብቻ ነበር።

«ወላድ ብትጠራንስ?» ሲል ሹፌሩ ስመኘው ጠየቀ።

«ያለንን ሀብት በጋራ መጠቀም የቅንጅት መጀመሪያ ነው» አሉ አቶ ገነነ።

ተጨበጨበ። ስመኘውም ደመወዝተኛ ነውና አጨበጨበ።

ሽንዲ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ወርዶ ማን ይግፋ የሚለው ጉዳይ ጥልቅ ውይይት ተደረገበት። መኪናው የጤና ነው፤ ጭቃው የመንገድ ነው፤ ዝናቡን በተመለከተ ግን የሚመለከተው አካል ገና አልተለየም። ግብረ ኃይሉ እዚያው ተቀምጦ ሐሳብ መለዋወጡን ቀጠለ።

በዚያው ሰዓት፣ ከመንገዱ በላይ ባለው መንደር፣ ያምሮት የምትባል ሴት ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ባሏ ክንዱ ስልክ ደውሎ አምቡላንስ ቢጠይቅ «ለቅንጅት ሥራ ወጥቷል» ተባለ። የበኩር ልጃቸውን ያጡት በመዘግየት ነበርና፣ ሁለተኛ አልደወለም፤ ደጅ ወጥቶ ተጣራ። ጎረቤቱ እርሻውን ጥሎ መጣ። ቃሬዛ ታሰረ፤ ያምሮትን አንስተው ወደ መንገዱ ወረዱ። እዚያም አምቡላንሱን አገኙት።

ከተሸካሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አያ ደረሰ ቆባቸውን አውልቀው በመስኮቱ እጅ ነሱ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ጌቶቼ። አሟችሁ ነው?»

«የለም፣ ትስስር ልናጠና ነው» አሉ አቶ ገነነ።

«እግዜር ይማራችሁ።»

ቃሬዛውን ከደረቅ ቦታ አሳርፈው ገሚሱ ድንጋይ ጎተተ፤ ገሚሱ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከጎማው ሥር ነሰነሰ፤ የቀረው ገፋ። አቶ ገነነ ከመኪናው ወርደው፣ ከዳር ቆመው በጥሞና ተመለከቱ።

«ሰብሳቢያችሁ ማን ነው?»

«የለንም» አለ ክንዱ፣ ዓይኑን ከሚስቱ ላይ ሳያነሳ።

«ታዲያ የማን ተራ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?»

«አንዱ ሲደክመው ይታያላ። ሌላው ትከሻውን ያስገባል።»

አቶ ገነነ ከልብ አዘኑ። ይህን የሚያህል ሕዝብ ያለ መዋቅር መቅረቱ አንጀታቸውን በላው።

አምቡላንሱ ወጣ። ስመኘውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስብሰባ ወሰነ፤ ግብረ ኃይሉን አስወርዶ ያምሮትንና ክንዱን ይዞ በረረ። ጤና ጣቢያው እንደደረሱ ሴት ልጅ ተወለደች። እናትም ልጅም ደህና ሆኑ።

ግብረ ኃይሉ በእግሩ ተከተለ። ብዙም ሳይሄዱ የአቶ ገነነ ቆዳ ጫማ አዳለጠና ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። መቆም አቃታቸው። ባልደረቦቻቸው የወደቀ አስተባባሪ ማንሳት የየትኛው መሥሪያ ቤት ድርሻ እንደሆነ መመካከር ሲጀምሩ፣ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ወላዷን ሊጠይቁ ወደ ጤና ጣቢያው ያመሩ የነበሩት ገበሬዎች ደረሱ። ምንም ሳይነጋገሩ አቶ ገነነን ቃሬዛው ላይ አጋደሟቸውና ተሸከሟቸው።

ቃሬዛው አልተንገጫገጨም። ትከሻ በትከሻ ሲተካ እንኳ አይታወቅም። አቶ ገነነ ተደነቁ።

«አያ ደረሰ፣ እንዲህ ተባብሮ መሸከምን ማን አሠለጠናችሁ?»

አያ ደረሰ እንጨቱን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ።

«እናንተው ናችሁ እንጂ፣ ጌታዬ። ቢሯችሁ ከተከፈተ ጀምሮ መች ከትከሻችን ወርዳችሁ ታውቁና።»

አቶ ገነነ ፊታቸው በራ። እንደተጋደሙ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሥልጠናው እስከ ታች ወርዶ ፍሬ ማፍራቱን ከኋላ በጭቃው ለሚከተሏቸው ባልደረቦቻቸው አበሰሩ።

ተጨበጨበ።