ብረት ክንፍ ስንት ጊዜ ሞተ?

(ትንሽ ፀጉር ቤት። ልብስ ሰፊው ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ተስተካክሏል፤ ጢሙ ይቀራል። አስተካካዩ በአንድ እጁ የአረፋ ብሩሽ፣ በሌላው የኋላ ሽፋኑ የረገፈ አሮጌ ኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ መጽሔት፣ ይዟል። ሱቃቸው ጎን ለጎን ነው። ግድግዳውን እንደሚጋሩት ሁሉ ጭቅጭቁንም ይጋሩታል።)

ልብስ ሰፊው፦ እኔ የምልህ አንድ ነገር ነው። ካባው ትከሻው ላይ የተሰፋ ከሆነ በሁለተኛው በረራ ይተረተራል።

አስተካካዩ፦ አይተረተርም! የጀግና ካባ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ የጀግናም ቢሆን ክር ክር ነው።

አስተካካዩ፦ ሰውዬው ድልድይ ተሸክሞ ይበራል፣ አንተ ስለ ክር ትጨነቃለህ!

ልብስ ሰፊው፦ ድልድዩን የተሸከመው እሱ፤ ክሩ ምን በወጣው?

አስተካካዩ፦ ኧረ በናትህ! አሥር ሰዓት ላይ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሞልቶ እኔን ሊሰማ ነው። ንግግሬን ባንተ ላይ ልሞክረው። አንተ ከገባህ ማንም ይገባዋል።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ እንኳ የመጣሁት ለፀጉሬ ነበር።

አስተካካዩ፦ ሁለቱም ለጭንቅላትህ ነው። በል ከሥር ከመሠረቱ እንጀምር። ብረት ክንፍ ማነው?

ልብስ ሰፊው፦ የሚበር ሰውዬ።

አስተካካዩ፦ ጎበዝ። ቀን ቀንስ?

ልብስ ሰፊው፦ ቀን አይበርም እንዴ?

አስተካካዩ፦ ቀን ቀን ፖስታ ቤት ነው የሚሠራው! ማንም እንዳያውቀው መነጽር አድርጎ ቴምብር ይመታል።

ልብስ ሰፊው፦ መብረር እየቻለ ደብዳቤውን ራሱ አያደርስም?

አስተካካዩ፦ ምስጢሩ ይወጣላ!

ልብስ ሰፊው፦ አሁን ገባኝ ደብዳቤ ለምን እንደሚዘገይ።

አስተካካዩ፦ (ብሩሹን አረፋ ውስጥ እያማሰለ) ቀስ ብለን እንሂድ፤ አንተ ስትሮጥ ትወድቃለህ። የመጀመሪያው እትም። ዶክተር ጭጋግ ከተማዋን በጭጋግ ሸፍኖ ድልድዩን ያፈርሳል። ብረት ክንፍ ሥሩ ገብቶ ይሸከማል። ክንፉ ይሰነጠቃል፤ ድልድዩ ላዩ ላይ ይመጣል… በቃ። አለቀ። ቀጥሎ ያለውን እትም ክፈት።

ልብስ ሰፊው፦ እጄ ጨርቁ ውስጥ ነው።

አስተካካዩ፦ በሐሳብህ ክፈተው! ሰውዬው ፖስታ ቤት ቁጭ ብሎ እያፏጨ ቴምብር ይመታል። ምን ማለት ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ድኗል ማለት ነዋ።

አስተካካዩ፦ (በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ) ይኼንን መልስ ሁሉም ሰው ይመልሰዋል። ሁሉም ሰው ደግሞ ሞኝ ነው። ወንድሜ፣ ድልድይ የወደቀበት ሰው አያፏጭም። ሞቷል! ይኼኛው ሌላ ሰው ነው። ሦስተኛው እትም መጨረሻ ላይ እሳተ ገሞራ ውስጥ ይገባል፤ በአራተኛው እንደገና ቴምብር። የታሪኩ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፦ ብረት ክንፍ አንድ ሰው አይደለም። ሰባት ናቸው! አንዱ ሲሞት ሌላው ጭምብሉን ያነሳል። ደራሲው እያንዳንዱን እትም አፋፍ ላይ የሚያቋርጠው ሆን ብሎ ነው። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው በል!

ልብስ ሰፊው፦ ማስረጃ አለህ?

አስተካካዩ፦ (ኮሚኩን ፊቱ ላይ እየዘረጋ) ይኸው! እዚህ ጋ ፀጉሩ በግራ ነው የተከፈለው። እዚህኛው ላይ በቀኝ። ሌላው ሰው ፊት ያያል፤ እኔ ፀጉር አያለሁ። ይኼ የአንድ ሰው ራስ አይደለም።

ልብስ ሰፊው፦ ፀጉር ቤት ቀይሮ ይሆናላ።

አስተካካዩ፦ (ቆስሎ) ጀግና ሰው ፀጉር ቤት አይቀይርም!

ልብስ ሰፊው፦ ትከሻው ግን አንድ ነው። አንገቱም፣ እጅጌውም። ሰባት ሰው አንድ ልብስ ሳይጠብበት ሳይሰፋበት ከለበሰ፣ እውነተኛው ጀግና የሰፋላቸው ሰውዬ ነው።

አስተካካዩ፦ ስለ ልብስ ማን ጠየቀህ? ስማ፣ የዛሬው ተራ ወሬ አይደለም። እዚያ የምትሠራው የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ራሷ በዚህ በር ገብታ «ስለ ሰባቱ ሰዎች ያለህን ሐሳብ ሰምቻለሁ፤ እባክህ መጥተህ አስረዳን» አለችኝ። እባክህ! ከንፈሯን ነክሳ ነው ያለችው።

ልብስ ሰፊው፦ ከንፈሯን ነከሰች?

አስተካካዩ፦ ስሜት ሲያይል እንደዚያ ነው። ዛሬ ካደመቅኩት፣ ስንወጣ ሻይ ልጋብዝሽ እላታለሁ። ከተዋረድኩ ግን በዚያ መንገድ ሁለተኛ አላልፍም። ገባህ ነገሩ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልነግርህ…

አስተካካዩ፦ (አፉን በአረፋ እየሸፈነ) ዝም በል፣ አረፋ ይገባብሃል። ስድስተኛው እትም ላይ ደግሞ…

ልብስ ሰፊው፦ (አረፋውን እየተፋ) ድልድዩ ሥር የውሃ ቧንቧ አለ!

አስተካካዩ፦ የምን ቧንቧ?

ልብስ ሰፊው፦ ትልቅ ቧንቧ። ድልድዩ ሲወርድ እሱ ውስጥ ይገባል፣ በወንዙ በኩል ይወጣል፣ ዶክተር ጭጋግን ከኋላው ማጅራቱን ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ሥራው።

አስተካካዩ፦ (ሳቅ እያለ) አይ አንተ! ከየት አመጣኸው?

ልብስ ሰፊው፦ ከኮሌታ።

አስተካካዩ፦ ከምን?

ልብስ ሰፊው፦ ከሸሚዝ ኮሌታ። ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን የምቆርጥበት ወረቀት አለ አይደል? ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል። የነዚህ መጽሔቶች የመጨረሻው ቅጠል ወፍራም ነው። ካንተ በፊት ይቺን ቤት የያዙት ሽማግሌ «ከኋላው ማስታወቂያ ነው፣ ውሰደው» ብለው ከሁሉም ላይ ገንጥለው ሰጡኝ። በአንድ በኩል እውነትም ማስታወቂያ ነው። በሌላው በኩል መጨረሻው ነው።

(አስተካካዩ ኮሚኩን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። የተገነጠለውን ጠርዝ በጣቱ ይዳብሳል። ሌላ ያነሳል። ሌላ ያነሳል።)

አስተካካዩ፦ ሽፋኑ በእርጅና የረገፈ ነበር የመሰለኝ።

ልብስ ሰፊው፦ (ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት እየዘረጋ) ይኸው አንዱ። የእሳተ ገሞራው ነው። «ዶክተር ጭጋግ፣ ተሳስተሃል! እኔ…» እዚህ ጋ የአንገቱ መታጠፊያ ነው፤ ተቆርጧል።

አስተካካዩ፦ (ድምፁ ቀጥኖ) ከአንገቱ በኋላስ?

ልብስ ሰፊው፦ «…እሳት የማይበላው ካባ ለብሻለሁ!» እኔ ግን ስለ ክሩ አሁንም አላመንኩም።

አስተካካዩ፦ ሰባቱ ሰዎችስ?

ልብስ ሰፊው፦ አንድ ሰው ነው። ፀጉሩ ነው እንጂ አንድ ቦታ የማይረጋ።

አስተካካዩ፦ (ምላጩን አንስቶ አንድ ጉንጩን እየላጨ) እና ይኼን ሁሉ ጊዜ እየሰማኸኝ ዝም አልከኝ?

ልብስ ሰፊው፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አረፋ ትሞላበታለህ እኮ! ጢም በሌለኝ ቀን እንኳ አረፋ አታጣም።

አስተካካዩ፦ (ወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጠ) ቆይ፣ ቆይ፣ እንረጋጋ። መጽሔቶቹ አሮጌ ናቸው። ሌላ ቦታ አይገኙም። መጨረሻዎቹ አንተ ጋ ናቸው፣ አንተ ደግሞ… አንተ ነህ። ማንም አያውቅም ማለት ነው። ንግግሬን አደርጋለሁ፤ አንተ ኮሌታዎችህን ታቃጥላለህ።

ልብስ ሰፊው፦ ሸሚዞቹስ?

አስተካካዩ፦ ሸሚዝ ገደል ይግባ! ከአንተ ሌላ ያየ ሰው አለ?

ልብስ ሰፊው፦ የለም። (ምላጩን አየት አድርጎ) አንዲት ደንበኛ ብቻ።

አስተካካዩ፦ ማን?

ልብስ ሰፊው፦ መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጠው።

አስተካካዩ፦ (ምላጩን እንደያዘ ተጠግቶ) ማን አልኩህ?

ልብስ ሰፊው፦ ከጉሮሮዬ ራቅ አድርገውና እነግርሃለሁ። (ምላጩ ይርቃል) የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ።

(አስተካካዩ በደንበኞች መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ዘፍ ይላል።)

ልብስ ሰፊው፦ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየችው። ልጅ ሳለች አባቷ የብረት ክንፍን ታሪክ እያወሩ ነበር የሚያስተኟት። ሁልጊዜ ግን ከመጨረሻው በፊት እንቅልፍ ይወስዳታል። አንዱንም ጨርሳ ሰምታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ከመጨረሻው በስተቀር ምንም የለኝም። «አንዱን ላንብብ?» አለች። አነበበች። በሳምንቱ ደግሞ ለሌላ ልክ መጣች።

አስተካካዩ፦ ለአንድ ቀሚስ ስንት ጊዜ ልክ ይወሰዳል?

ልብስ ሰፊው፦ አንዴ። ከወፈሩ ሁለቴ።

አስተካካዩ፦ ለሷስ?

ልብስ ሰፊው፦ እትሙ እስኪያልቅ ነዋ።

አስተካካዩ፦ ሲያልቅስ ቀረች?

ልብስ ሰፊው፦ ሲያልቅማ ቀሚሱ ጠበበኝ አለች።

አስተካካዩ፦ (ሐሞቱ ፈሶ) አንተ ሰውዬ… ወዳሃለች ማለት ነው። ይኼ እንኳ አልገባህም? እኔ ነኝ ይኼንንም የማስረዳህ?

ልብስ ሰፊው፦ አትድከም። አግቢኝ ብያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች።

አስተካካዩ፦ (ብድግ ብሎ) እሺ ብላሃለች! ታዲያ እኔን «እባክህ መጥተህ አስረዳን» ያለችው ምን ፈልጋ ነው? ከንፈሯን የነከሰችውስ?

ልብስ ሰፊው፦ ሳቋን ልትይዝ ነዋ። ጋብዢው ያልኳት እኔ ነኝ።

አስተካካዩ፦ አንተ?

ልብስ ሰፊው፦ ዛሬ ከንግግርህ በኋላ ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ አባቷን ልጠይቃቸው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው ግን እንደ ዝናብ ቀን ነው። የሚስቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፦ ብረት ክንፍን በቅጡ ያላነበበ ሰው ስለ ብረት ክንፍ ሲያስተምር። እያንዳንዱን እትም በቃላቸው ያውቁታል። የፊተኛው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

አስተካካዩ፦ እኔ መሳቂያ ልሆን?

ልብስ ሰፊው፦ መሳቂያ አትበለው። መክፈቻ ነህ።

አስተካካዩ፦ አልሄድም! ይኼው፣ ግማሽ ጢምህን ከነአረፋው ትቼልሃለሁ። ሂድና ልጅ ጠይቅ!

(አስተካካዩ ምላጩን ያስቀምጣል። ልብስ ሰፊው በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ያያል፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። አስተካካዩ በሩ ድረስ ሄዶ መንገዱን ያያል፤ ይመለሳል። እየተነጫነጨ ምላጩን አንስቶ መላጨቱን ይቀጥላል።)

አስተካካዩ፦ አገጭህን ቀና አድርግ። ለሷ አስቤ ነው እንጂ ላንተማ… ቀና አድርግ አልኩህ! ሰው ሁሉ ፊት «ሰባት ናቸው» ልል?

ልብስ ሰፊው፦ የፀጉሩን ነገር እንዳትዘል። እሱ ላይ ስትደርስ በጣም ትጥማለህ።

አስተካካዩ፦ እሺ፣ አባትየው ሳቁ እንበል። ከልባቸው ሳቁ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያስ?

ልብስ ሰፊው፦ ከዚያማ አንተ ትቀመጣለህ፣ እኔ እነሳለሁ።